መዝገብ ቤት ምን አጥፍተህ ገባህ?

የሰው በር አንኳኩቼ ባለቤቱ እንዳይከፍትልኝ የምጸልይ ሻጭ ነበርኩ። አንድ ሁለት ዓመት አይምሰላችሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። የምንሸጠው የውኃ ማጣሪያ ነው። ዕቃው ምንም አይወጣለትም፤ ዛሬም ቤቴ አለ። ችግሩ እኔ ነበርኩ። ግቢ ውስጥ ውሻ ሲጮህ ሌሎቹ ሻጮች ይደነግጣሉ፤ እኔ ደስ ይለኛል። "ውሻ ስላለ አልገባሁም" ብዬ ሪፖርት ላይ የምሞላው ሰበብ ተገኘ ማለት ነዋ። በሩ የተከፈተ እንደሆነ ግን "እንደምን ዋሉ" ካልኩ በኋላ ቀጣዩ ቃል ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። አንድ ቀን አንዲት እናት እንዲሁ ደብተሬን ታቅፌ ተገትሬ ሲያዩኝ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የምለምን መስሏቸው ሃምሳ ብር አውጥተው ሰጡኝ። አይደለም ብሎ ከማስረዳት ተቀብሎ መሄዱ ቀለለኝ። በማግስቱ እዚያው ሰፈር ያለች ቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨመርኩላቸው።

ሪፖርት ላይ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም። የሄድኩባቸው ቤቶች በወረዳ፣ በቤት ቁጥር፣ በበሩ ቀለም ሳይቀር ተለይተው፣ "አልገዙም" የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች እንደ ወታደር ተሰልፎ፣ ሲያዩት ልብ ይማርካል። አለቃችን "የአንተን ሪፖርት ሳነብ ድርጅቱ ያተረፈ ይመስለኛል" ይለኝ ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ክብ ሠርተን ቆመን እያጨበጨብን "እንችላለን!" የምንልበት ስብሰባም ነበረን። ማጨብጨቡን አልጠላሁትም፤ የእጅ ሥራ ነው። የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው "የሳምንቱ ድሌ" የሚለውን ሲናገር ተራው ወደ እኔ መምጣቱ ነው። አንድ ሰኞ ጨንቆኝ "ሪፖርቴን በሁለት ቀለም አሰመርኩት" አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

በእኛ አገር ዝም ያለ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ታሟል፣ ወይ አኩርፏል። "ምን ሆነሃል?" ይሉኛል። "ምንም" እላለሁ። "አይ፣ ሆነሃልስ።" ምንም አለመሆኔን ለማስረዳት የማወራው፣ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ከማወራው ይበልጣል። ተረቱም ቢሆን አቋም የለውም። "ዝም አይነቅዝም" ብሎ ያበረታታህና ዞር ከማለትህ "ዝምታ ለበግም አልበጃት" ይልሃል። ልጅቱን "ከብት ያለው ያግባሽ ወይስ አፍ ያለው?" ቢሏት አፍ ያለውን መረጠች አሉ፤ ከብት ያለውንማ አፍ ያለው ይነዳዋል ብላ። ፋይል ያለውን ግን ማንም አላቀረበላትም።

ፋይል ስል ለቀልድ አይደለም። ሥራ ለመቀየር የቆረጥኩት በወጥ ቤታችን መደርደሪያ ምክንያት ነው። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ገበያ ስትወጣ የቅመማ ቅመሙን ዕቃ ሁሉ አወረድኩ፤ አጠብኩ፤ አደረቅኩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ስሙን በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩና በፊደል ተራ ደረደርኩት። ከታች ሚጥሚጣ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፤ ከፍ ሲል ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ እርድ፣ ኮረሪማ፤ ከዚያ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ። ቆሜ ሳየው ሽታው ራሱ የተስተካከለ መሰለኝ። ባለቤቴ መጣች፤ ዘንቢሉን አስቀምጣ ትንሽ አየችው።

"በርበሬው ላይ 'በርበሬ' ብለህ የጻፍከው ለማን ነው?"

"ለሚፈልግ ሰው።"

"እዚህ ቤት በርበሬን ከሽሮ የማይለይ ማን አለ?"

ይህንንስ በቀላሉ አለፍኩት። ጉዱ የመጣው ወጥ ሲሠራ ነው። ጨው ለካ በ"ጨ" ይጻፋል። "ጨ" ደግሞ ከፊደል ገበታ መጨረሻ አካባቢ ናት፤ ስለዚህ በቀን ሦስቴ የሚፈለገው ዕቃ የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ተሰቅሏል። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችውና፣ ሳትወርድ፣ ከላይ ሆና እንዲህ አለችኝ፦ "ስማ፤ የሚደረደር ነገር ያለበት ሥራ ፈልግ። እዚያ ደርድረህ፣ ደክሞህ ና።"

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሰማሁት የሥራ ምክር ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው።

ፍለጋው ተጀመረ። የሥራ ባልደረባዬ ከስልኩ ላይ የባሕርይ መመዘኛ አወጣልኝ። ነገሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ሰውን ወደ ውስጥ የሚያይና ወደ ውጭ የሚያይ ብሎ በመክፈል የታወቀው የስዊዘርላንዱ ካርል ዩንግ ነው፤ መጽሐፉን ያሳተመው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ኋላ ደግሞ ጆን ሆላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሰውንም ሥራንም በስድስት መደበ፦ በእጁ የሚሠራ፣ የሚመራመር፣ የጥበብ ሰው፣ ሰው የሚረዳ፣ የሚያሳምንና የሚነግድ፣ ስድስተኛው ሥርዓትና መዝገብ የሚወድ። እኔ ስድስተኛው ሆኜ ተገኘሁ። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት አምስተኛው ውስጥ ነው። ሆላንድ ሁለቱን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው፤ እንግዲህ አንድ በር ብቻ ነው የሳትኩት፤ እሱንም ማንኳኳት አልወድም።

ከመመዘኛው ጥያቄዎች አንዱ "ግብዣ ላይ ቀድመው ይወጣሉ?" ይላል። መልሱ "ሁልጊዜ"፣ "አንዳንዴ"፣ "በጭራሽ" ነው። እኛ ዘንድ ከግብዣ ቀድሞ የወጣ ሰው የለም። በር ላይ ይያዛል። "ምነው፣ የከፋህ ነገር አለ እንዴ?" ተብሎ እጁን ተጎትቶ ይመለስና ሌላ ሳህን ይሞላለታል። "ሞከርኩ፣ አልተቻለም" የሚል ምርጫ ስላጣሁ ባዶውን ተውኩት።

ከዚያ ማስታወቂያ። ድሮ አራት ኪሎ ሄዶ ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚነበበው፤ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ተኝተህ ታነባለህ። ለሒሳብ ሠራተኛ፦ "ፒችትሪ የሚችል፣ ከፍተኛ የተግባቦት ክህሎት ያለው"። ለመጋዘን፦ "ተግባቢ የሆነ"። ለሌሊት ጥበቃ ሳይቀር "ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት የሚችል" የሚል አየሁ። በሌሊት ከማን ጋር?

ሒሳብን ግን በቁም ነገር አሰብኩበት። የባለቤቴ አጎት ልጅ የሒሳብ ባለሙያ ነውና ቢሮው ሄጄ ልየው ብዬ ሄድኩ። ቀኑን አልመረጥኩም፤ ሰኔ ማለቂያው ነበር። ሰውዬው ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ "ደረሰኙስ? እኮ ደረሰኙስ!" እያለ ይጮኻል። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ያልቃል፤ ከዚያ በፊት አገሩ ሁሉ የጠፋ ደረሰኝ ይፈልጋል። ሒሳብ ጸጥ ያለ ሥራ የሚመስለው ሰኔ እስኪገባ ነው።

ቀጥሎ ሰፈራችን ያሉት ሰዓት ሠሪ ጋ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛዋ ትንሽ፣ ብሎኗ ከሽንብራ ቅንጣት ያነሰች፣ እሳቸው አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው አቀርቅረው፤ ይህ ነው ኑሮ አልኩ። ለካስ አጠገባቸው ያሉት ሦስት ሰዎች ሰዓት ሊያሠሩ የመጡ አይደሉም፤ ወሬ ሊያወርዱ ነው። ሰዓቱ የቆመበት ሰው ጊዜ አለው፤ ጊዜ ያለው ሰው ያወራል። ግድግዳው ላይ ያሉት ዐሥራ ምናምን ሰዓቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ። እሱን እያየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቁም ጸሐፊነትም አምሮኝ ነበር። ብራና ፍቆ፣ መቃ ቀርጾ፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም እየለዩ ፊደል በፊደል መጻፍ፤ ከዚህ የበለጠ ጸጥታና ሥርዓት ከየት ይመጣል? ነገር ግን ብራናው መጀመሪያ ፍየል ነው። የፍየሉ ቆዳ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ተወጥሮ ሲውል የኮሚቴውን ስብሰባ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁና ተውኩት። የሚጠሩኝ ለማስረዳት ነዋ።

አሳብ ለመሰብሰብ ወመዘክር መመላለስ ጀመርኩ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ቤት ነው፤ ስሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሙሉው "ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር" ነበር፤ ሕዝቡ ፊተኛውን ጥሎ ኋለኛውን ብቻ ይዞ ቀረ። በግዕዙ ከሄድን "እና መዘክር" እያልን ነው የምንጠራው። ከ"እና" የሚጀምር መሥሪያ ቤት እኔን ይስማማኛል፤ ሰላምታውን ዘሎ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ የገባ ይመስላል። የቤተ መጻሕፍት ሥራም እንዲሁ ልብ ይነካል። ሜልቪል ዱዊ የሚባለው አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው አከፋፈል አለ፤ የሰው ዕውቀት በሙሉ ከ000 እስከ 999 ባለው ቁጥር ይደለደላል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። አክሱምም፣ ዘመነ መሳፍንትም፣ ዐድዋም በሦስት አኃዝ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ጸጥ ብለው ይቀመጣሉ። ከመደርደሪያው ውጭ ስለ 963 እንዲህ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ግን ለዚያ ሥራ የሙያው ትምህርት ያስፈልጋል፤ እኔ ያለኝ የማኔጅመንት ዲግሪና የተደረደረ ወጥ ቤት ነው።

እንዲህ ስል ነው "የሪከርድና ማኅደር ሠራተኛ" የሚለውን ያየሁት። "ጠንቃቃ፣ ሥርዓት ያለው፣ ምስጢር ጠባቂ" ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ "ተግባቢ" የሚል የለም። የረሱት መስሎኝ እንዳይታረም ብዬ በዚያው ቀን ተመዘገብኩ።

መዝገብ ቤት በቢሮ ባህላችን ሰው የሚቀጠርበት አይደለም፤ የሚወረወርበት ነው። ከአለቃው የተጣላ፣ ስብሰባ ላይ ያልሆነ ነገር የተናገረ፣ አዲስ ሹም ሲመጣ የድሮው ሹም ወዳጅ የነበረ፣ ሁሉም ፋይል እንዲቆጥር ወደዚያ ይላካል። ስለዚህ ወዶ የመጣ ሰው ያስጠረጥራል። ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። መሀል የተቀመጡት ማመልከቻዬን አንዴ፣ እኔን አንዴ እያዩ፣

"አሥራ አንድ ዓመት ሽያጭ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"አሁን መዝገብ ቤት?"

"አዎ።"

"እዚያ ምን አጥፍተህ ነው?"

"ምንም።"

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። በዝምታ ደግሞ ማንም አያሸንፈኝም። በመጨረሻ በግራ በኩል ያሉት ሴትዮ "ድክመትህስ ምንድን ነው?" ሲሉኝ የጨዉን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ሦስቱም ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ በሥራ ቦታ ሰው ያሳቅኩት ያን ቀን ነው። አለፍኩ።

አማቴ ሲሰሙ የመጀመሪያ ቃላቸው የፈታኙ ቃል ነበር። "ምን አጥፍተህ ነው ልጄ?" እኔም ለክብሬ ተከላከልኩ። "እማማ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን የጽሕፈት ሚኒስትር አድርገው ነው የሾሙት፤ ወረቀት መያዝ ትልቅ ሹመት ነበር።" እሳቸው ቡናውን እየቀዱ "አንተን ምኒልክ ናቸው የሾሙህ?" አሉኝ።

የድሮ ሥራዬን ስለቅ ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ያዛል፤ እኔ ሠላሳውን ቀን በሠንጠረዥ ከፋፍዬ፣ ማን ምን እንደሚረከበኝ ጽፌ አባሪ አደረግኩ። አለቃዬ አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑ ረጥቦ ነበር። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሪፖርቱ አላውቅም።

አዲሱ ቢሮዬ ምድር ቤት ነው። መጀመሪያ ቀን በሩን ስከፍት የተቀበለኝ አቧራና የሲባጎ ሽታ ነው። ፋይሎቹ በሲባጎ ታስረው እንደ ማገዶ ተከምረዋል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ተጠይቀው አጥተው አያውቁም አሉ። አሠራሩ ግን ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር። ጡረታ ሲወጡ አሠራሩም አብሯቸው ወጣ።

እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። የፈረንጅ የፋይል አያያዝ በቤተሰብ ስም ይጀምራል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ስለዚህ "አበበ ከበደ" ሰባት ነው፤ በአያት ስም ካልተለየ የአንዱ ወቀሳ ለሌላው ዕድገት ይሆናል። ሆኗልም። ከዚያ የባሰው ፊደሉ ነው። ኃይሉ የሚባል ሠራተኛ ፋይሉ የት ነው? በ"ሀ" ሃይሉ አለ፤ በ"ሐ" ሐይሉ አለ፤ በ"ኀ" ኃይሉ አለ። ሦስቱን ፋይሎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳገላብጥ የአባት ስም አንድ፣ የአያት ስም አንድ፣ የትውልድ ዘመን አንድ። ሰውዬው አንድ ሰው ነው። በሦስት ዓይነት ፊደል ሦስት ጊዜ ዕድገት ጠይቋል፤ ሦስቱም ፋይል ውስጥ "ሠራተኛው ከዚህ በፊት ጥያቄ አላቀረበም" የሚል አስተያየት ተፈርሞ ተቀምጧል። ፀሐይ የምትባለዋም እንዲሁ በሁለቱ ጸዎች መካከል ስትወጣና ስትጠልቅ ኖራለች። እኔ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝና አንድ ድምፅ ላላቸው ፊደላት አንድ መሳቢያ ሰጠሁ። በር ላይም ደንቡን ጽፌ ለጠፍኩ። ይህንን ከባለቤቴ ደብቄያለሁ፤ ቤቱንም እንዲሁ ልታደርገው ነው ትለኛለች።

ጸጥታውስ? ጸጥታ የለም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በሩ ከሚንኳኳ ክፍል ሁሉ የእኔ ይበልጣል። የሥራ ልምድ የሚያጽፍ፣ ለሰው ዋስ የሚሆን፣ የዓመት ፈቃዱ የጠፋበት፣ በደብዳቤ ተቀጥቶ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ ይኑር አይኑር በዘዴ ሊያጣራ የመጣ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ተታለልኩ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ገባኝ፤ የሚያንኳኳው ሌላ ሰው ነው። ድሮ ጉዳይ ይዤ ጉዳይ ወደሌለው ሰው ቤት የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ሰውየው ራሱ ጉዳዩን ይዞ ይመጣል፤ እኔ "ስም? የአባት? የአያት?" ብዬ ብድግ እላለሁ። ሰው መፍራቴ አልነበረም ለካ። ከ"እንደምን ዋሉ" በኋላ የሚባለው ነው የጠፋኝ የነበረው፤ እዚህ የሚባለው ቅጹ ላይ ተጽፏል።

ባለፈው ጥቅምት ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው የእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው አርፈዋል። ሚስት የሚደርሳት የባልዋ ጡረታ ግማሽ ነው። ግማሹ የሚሰላው ከሙሉው፣ ሙሉው ከአገልግሎት ዘመኑ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ደግሞ ከአንዲት የቅጥር ደብዳቤ ነው። ያቺ ደብዳቤ ጠፍታለች ተብለው አራት ጊዜ ተመልሰዋል። ወንበር ሰጠኋቸው። እሳቸው እያወሩ እኔ መፈለግ ጀመርኩ። እንዴት እንደተዋወቁ፣ መጀመሪያ የተከራዩት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ድስት እንደሚደቅኑ፣ ሰውየው ቡና ላይ ስኳር ሦስት ማንኪያ እንደነበሩ ነገሩኝ። እኔ "እሺ" አልኩ። ትንሽ ቆይቼ "ከዚያስ?" አልኩ። የባለቤታቸው ስም በ"ዐ" ነበር፤ በ"አ" ነው ሲፈለግ የኖረው።

ደብዳቤዋ ከሌላ ሰው የፈቃድ ወረቀት ጋር ተጣብቃ ተገኘች። 1979 ዓ.ም.፣ በድሮው የአማርኛ ታይፕ የተመታች፣ የፊደሎቹ ቅጥል ከግንዱ ትንሽ ፈቀቅ እያለ። ጥጓ ላይ ጉርድ ፎቶ በስቴፕለር ተመትቷል፤ ጎፈሬው ከፎቶው ጠርዝ ያለፈ ወጣት። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውጥተው አጠለቁ። ፊቱን ሳይሆን ፎቶው ግርጌ ላይ የሚታየውን ኮሌታ በጣታቸው ነኩት።

"ይሄን ሸሚዝ እኮ እኔ ነኝ የገዛሁለት" አሉ። "በሱ ነው የተቀጠረ።"

"አገኘነው" አልኩ።

ኮፒ አድርጌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው። በሩ ጋ ደርሰው ዘወር አሉ። "ተባረክ ልጄ። እንዴት ያለህ ተጫዋች ሰው ነህ! ሰዓቱ ሳላውቀው ሄደ እኮ።"

በሩ እንደተዘጋ የገቢ መዝገቡን ሳብኩ። ተራ ቁጥር ሰጠሁት፤ ቀኑን ጻፍኩ፤ "ጉዳዩ" በሚለው ዓምድ ሥር "ተጫዋች ስለመባል" ብዬ ሞላሁ። ማታ ለባለቤቴ በስልኬ ያነሳሁትን ገጽ አሳየኋት። አየችው፤ አጉልታም አየችው፤ "ማኅተም የለውም" ብላ ስልኩን መለሰችልኝና ጨው እንዳወርድላት ወንበሩን አሳየችኝ።